ስለ ሜጋዋት ስትጽፉ ስለ ቮልትም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞተር ጠምጣሚ ነኝ። የተቃጠለ ሞተር ይመጣልኛል። እከፍተዋለሁ፣ የነደደውን ሽቦ አወጣለሁ፣ ዙሩን ቆጥሬ አዲስ እጠመጥማለሁ፣ ቫርኒሽ አጠጥቼ አደርቃለሁ፣ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። በዚህ ሥራ 27 ዓመት ሆነኝ። ጋዜጣ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በፊት ነው። ለጋዜጣ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ መብራት በተጻፈ ቁጥር የማነበው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ወይ ስንት ሜጋዋት እንደመነጨ፣ ወይ የትኛው ሰፈር መብራት እንደሚጠፋ። መብራት አለ፣ መብራት የለም። የእኔ ሱቅ የሚሞላው ግን በሁለቱ መሀል ባለው ነው። መብራት አለ ይባላል፣ አምፖሉም በርቷል፣ ቮልቱ (ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት) ግን ወርዷል። ስለዚህ የሚጽፍ አላየሁም። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሞተር ይዞልኝ የሚመጣ ሰው አብዛኛው አንድ ነገር ይለኛል። "መብራቱ በድንገት ጨምሮ አቃጠለብኝ።" እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚያ አምን ነበር። ይሆናል፣ አይሆንም አልልም። ኒውትራል የምንለው መመለሻ ሽቦ ሲበጠስ ለምሳሌ 220 ይገባ የነበረበት ቤት ወደ 380 የተጠጋ ሊገባበት ይችላል። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም አይተርፍም። የወፍጮ ሞተር ግን በአብዛኛው የሚቃጠለው በመጨመር አይደለም። በማነስ ነው።

በማነስ እንዴት ይቃጠላል? ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ሰው ይህን ይጠይቀኛል። እኔ በምጣድ ነው የማስረዳው።

ቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ቮልት ሲወርድበት የሚስበው ኃይል ይቀንሳል። ይበርዳል። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋ ትበሳጫለች፣ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምጣዱ ግን ምንም አይሆንም። አምፖልም እንደዚያው ነው፣ ይፈዝዛል እንጂ አይጎዳም። ሞተር እንደዚህ አይደለም። ሞተር ሥራ ተሰጥቶታል። ድንጋዩ እየዞረ ነው፣ እህሉ ከላይ እየፈሰሰ ነው፣ ቺንጋው እየጎተተው ነው። ቮልት አነሰ ብሎ ስንዴው አይቀልለትም። ያንኑ ሥራ ለመሥራት በቮልት ያጣውን በአምፔር፣ ማለትም በሚፈሰው ኤሌክትሪክ ብዛት፣ ይስባል። አምፔር ሲጨምር ሽቦው ይግላል። ምጣድ ቮልት ሲያጣ ይበርዳል፣ ሞተር ቮልት ሲያጣ ይነድዳል።

ጉልበቱም ቢሆን የሚወርደው በቮልቱ ልክ አይደለም፣ በቮልቱ ካሬ ነው። በ380 የሚሠራ ሞተር 342 ብቻ ሲደርሰው ቮልቱ የቀነሰው 10 በመቶ ነው። ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት ግን 19 በመቶ ይቀንሳል። 304 ሲደርሰው 36 በመቶ ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ወፍጮ ቤት ስንት አለ? ሞተር ሲነሳ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው አምፔር ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። ጤናማ ቮልት ካለ በጥቂት ሴኮንድ ይነሳና ይረጋጋል። ቮልቱ ከወረደ፣ በድንጋዩ መሀል ደግሞ ያልተፈጨ እህል ከቀረ፣ መነሳት ያቅተዋል። ያጉረመርማል። ወፍጮ የሚሠሩ ልጆች ያንን ድምፅ ያውቁታል። አንዳንዱ ቺንጋውን በእጁ ጎትቶ ሊያግዘው ይሞክራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጣት የሚሄደው እንደዚያ ነው። ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ አንዲት እናት ጉዳይ ልግባ። ስማቸውን አልጠቅስም። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ከከተማው ዳር ወፍጮ ቤት አላቸው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ በበዓል ሰሞን በርበሬ ይፈጫሉ። ሞተራቸው 7.5 ኪሎዋት ነው፣ በእኛ አነጋገር 10 ፈረስ። ሰሌዳው 15 አምፔር ይላል። ይህ ሞተር በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ እኔ ጋ መጣ። ሦስተኛው ጊዜ እትዬ በጋሪ አስጭነው ራሳቸው ተከትለው መጡ። በር ላይ ቆመው፣ "ወንድምዓለም፣ እውነቱን ንገረኝ። ያንተ ጥምጠማ ነው ወይስ የእኔ እድል?" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ከፈትኩት። የተቃጠለ ሞተር ሲከፈት በምን እንደሞተ ይታያል። ለወፍጮ የሚመጣው መብራት በሦስት መስመር ነው፣ እያንዳንዱን ፌዝ እንለዋለን። የሞተሩም ሽቦ በሦስት ፌዝ ተከፍሎ ዙሪያውን ተሰክቷል። ሁለቱ ፌዝ ማር መስለው አንዱ ብቻ እንደ ከሰል ከጠቆረ ሞተሩ ፌዝ ጎድሎበት ሠርቷል ማለት ነው። ይህ የሦስቱ ጫፍ በሦስት ማዕዘን (በዴልታ) የታሰረ ከሆነ ነው። ጫፎቹ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ (በስታር ከታሰረ) ደግሞ ሁለቱ ይጠቁሩና አንዱ ይተርፋል። አንድ ነጥብ ላይ ፈንድቶ ሽቦው ቀልጦ ሌላው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ መብረቅ ወይም ድንገተኛ ጭማሪ ነው። እንዲህ ዓይነቱ እኔ ጋ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ዙሪያውን በሙሉ ከጠቆረ፣ ጣቴን ሳሳርፍበት መሸፈኛው እንደ ደረቀ ቅጠል ከረገፈ፣ ረጅም ጊዜ ከአቅሙ በላይ ግሏል ማለት ነው። የእትዬ ሞተር የመጀመሪያው ጊዜ ፌዝ ጎድሎበት ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙሪያውን የጠቆረ ነው። አንደኛው ፌዝ ከሁለቱ ይበልጥ ጠቁሯል።

ጠምጥሜ መለስኩት። ግን በዚህ አልተውኩትም። ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መለኪያዬን ይዤ ወፍጮ ቤቱ ሄድኩ። ሰዓቱን መርጬ ነው። ያን ሰሞን ሁሉም ቤት ምጣድ ተጥዷል። ወፍጮውም በሰው ተሞልቷል። ቮልቱን በየሁለት ፌዙ መሀል ለካሁ። 330፣ 318፣ 341። ልብ በሉ፣ 380 መሆን ነበረበት። አምፔሩን ለካሁ። 17፣ 14፣ 22። ሰሌዳው 15 ነው የሚለው።

22ን ለ15 ብታካፍሉ አንድ ተኩል ያህል ነው። ሙቀት ግን በአምፔሩ ካሬ ነው የሚያድገው። በዚያ መስመር ላይ ያለው ሙቀት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኗል። ሌላው ደግሞ ሦስቱ ቮልቶች እኩል አለመሆናቸው ነው። የሦስቱ አማካይ 330 ገደማ ነው፣ ከዚያ በጣም የራቀው በ12 ቮልት ያህል ይርቃል። 3.5 በመቶ መዛባት ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞተር ላይ 3.5 በመቶ የቮልት መዛባት የሽቦውን ሙቀት በ25 በመቶ ያህል ይጨምረዋል። ከ5 በመቶ ካለፈ ደግሞ ሞተሩን ጨርሶ አለማሠራት ነው የሚመከረው። ሽቦውን የሸፈነው ቫርኒሽና ወረቀት ከተሠራበት ሙቀት በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በእኛ ሙያ የቆየ ሕግ ነው። ሃያ ዓመት ሊሠራ የሚችል ሞተር በወራት የሚያልቀው እንደዚህ ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። የሞተር ሰሌዳ ላይ ያለው ቁጥር የተሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱ ያግዘናል፣ እውነት ነው። ግን አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለ ሞተር ተርፎ የሚሰጠው ነገር ብዙ የለውም።

ያን ማታ ከወፍጮ ቤቱ ወጥቼ መስመሩን ተከትዬ ተራመድኩ። እስከ ትራንስፎርመሩ 14 ምሰሶ ቆጠርኩ። ትራንስፎርመሩ ሥር አንድ ብየዳ ቤት አለ። ልጁን አስፈቅጄ ለካሁ። 374። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ትራንስፎርመር፣ እዚህ 374፣ እዚያ 318። ቮልቱ የጠፋው መንገድ ላይ ነው። ቀጭን ሽቦ፣ ረጅም መንገድ፣ ብዙ ምጣድ። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ ማለትም ከ14 እስከ 18 አምፔር። አሥር ቤት በአንድ ፌዝ ላይ ቢጥድ 150 አምፔር ገደማ ነው። ሌላው ፌዝ ላይ ሁለት ቤት ብቻ ቢኖር ሚዛኑ ይዛባል። የጎረቤት ሴቶች ምንም ጥፋት የለባቸውም። ለበዓል እንጀራ መጋገር መብታቸው ነው። ጥያቄው ቤቶቹ በየትኛው ፌዝ ላይ ተቀጠሉ፣ ማን ቆጠራቸው ነው።

ሁለተኛ ነገር ደግሞ ሞተሩ የሚነሳበትና የሚጠፋበት ሳጥን ውስጥ አገኘሁ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ወፍጮ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ኦቨርሎድ የምንለውን ዕቃ ያውቀዋል። ሞተሩን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ማብሪያ፣ ከኮንታክተሩ፣ ሥር የሚገባው፣ ትንሽ ጠቋሚ ያለው ነው። ጠቋሚው ሰሌዳው ላይ ባለው አምፔር ላይ ይደረጋል። ከዚያ ሲያልፍና ሲቆይ ይቆርጣል፣ ሞተሩን ያድነዋል። የእትዬ ሳጥን ውስጥ የነበረው ኦቨርሎድ ወጥቶ ከ17 እስከ 25 የሚል ገብቶበታል። ጠቋሚው 24 ላይ ቆሟል። የ15 አምፔር ሞተር ላይ! እትዬን ጠየቅኳቸው። "የበፊቱ ማታ ማታ ቶሎ ቶሎ እየቆረጠ ሥራ ሲያስፈታን አንድ ልጅ መጥቶ አስተካከለልኝ" አሉ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ እንዳይቆም ብሎ ነው። ግን ያ ዕቃ ማታ ማታ የሚቆርጠው ማታ ማታ ቮልቱ ስለሚወርድ ነው። እውነቱን ይናገር የነበረውን ነው ያወጣው። በ27 ዓመቴ ያየኋቸው ሞተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አንዳንዱ ላይ ኦቨርሎዱ ጭራሽ በቁራጭ ሽቦ ታልፏል። ኤሌክትሪክ ለምትሠሩ ወጣቶች፣ በቴክኒክና ሙያ ለምታስተምሩም መምህራን፣ እጄን ዘርግቼ እለምናችኋለሁ። ኦቨርሎድ ሲቆርጥ መጀመሪያ ቮልት ለኩ። ጠቋሚውን አትንኩ።

ኮንታክተሩም አላመለጠም። ቮልት ሲወርድ ኮንታክተር ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፣ ይንጣጣል። ሲንጣጣ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ብልጭታው ጥርሱን ይበላዋል። የእትዬ ኮንታክተር አንዱ ጥርስ ተበልቶ ጉድጓድ ሆኖ ነበር። እንዲህ ሲሆን አንዱ ፌዝ አንዴ ይነካል፣ አንዴ አይነካም። ውጭ መስመር ላይ ሦስቱም ፌዝ እያለ ሞተሩ ጋ ሁለት ብቻ ይደርሳል። ሲዞር የነበረ ሞተር ያን ጊዜ አይቆምም። ድምፁ ይጎረንናል እንጂ ይቀጥላል፣ አምፔሩም ወደ 1.7 እጥፍ ያድጋል። የመጀመሪያው ቃጠሎ ምክንያቱ ይህ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ምን አደረግን? ኮንታክተሩን ቀየርን። ትክክለኛውን ኦቨርሎድ 15 ላይ አስቀመጥን። ፌዝ ሲጎድል፣ ቮልት ሲወርድና ሲዛባ የሚቆርጥ ፌዝ ሪሌይ ጨመርን። ይህ ሪሌይ እኔ ለአንድ ጥምጠማ ከምቀበለው ያነሰ ነው ዋጋው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ከሩቅ የሚነበብ የቮልት ማሳያ ሰቀልን። ለሚፈጩት ልጆች ቁጥር ሰጠኋቸው። ከ360 በላይ ከሆነ እንደልባችሁ ፍጩ። ከ360 በታች ሲወርድ የእህሉን መክፈቻ ጠበብ አድርጉት፣ ትንሽ ትንሽ ይውረድ። 340 ሲደርስ እህሉን ዘግታችሁ ድንጋዩ ባዶውን እንዲዞር ካደረጋችሁ በኋላ አጥፉ። ድንጋዩ አዲስ የተወቀረ ሰሞን ደግሞ የበለጠ ይጎትታልና ይበልጥ ተጠንቀቁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወዲያው አታስነሱ። መብራት በመጣባት ደቂቃ የሰፈሩ ሞተር ሁሉ አንድ ላይ ሊነሳ ይሞክራል፣ ቮልቱም ያን ጊዜ ነው ይበልጥ የሚወርደው። አምስት ደቂቃ ታገሡ።

ይህ የመጨረሻው ምክር ለፍሪጅም ይሠራል። የፍሪጅ ኮምፕረሰር መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ውስጡ ያለው ግፊት ገና አልበረደም። መነሳት ያቅተዋል፣ ያጉረመርማል፣ ይግላል። መዘግየት ያለው ስታብላይዘር የሌላችሁ ሶኬቱን ነቅላችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ።

አንድ ወዳጄ "ለወፍጮው ትልቅ ስታብላይዘር ለምን አይገዛም?" አለኝ። ለሦስት ፌዝ የሚሆነው ውድ ነው። ደግሞም ስታብላይዘር ቮልት አይፈጥርም። እዚህ ከፍ ለማድረግ ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፣ የጎረቤቱ ቮልት ይበልጥ ይወርዳል። ሁሉም ቢገዛ ሁሉም ይጎዳል።

ስለዚህ ከቤታችን ያለፈው ነገር አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ታላቁ የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሱቄን ዘግቼ በቴሌቪዥን ተከታትያለሁ። 5,150 ሜጋዋት ሲባል ልቤ ሞልቷል፣ እኔም ከደሞዝተኛው ጋር ቦንድ ገዝቻለሁና። በማግስቱ ደንበኞቼ "ከእንግዲህ ሞተር አይቃጠልም፣ ሥራህን ቀይር" አሉኝ። ደስ ባለኝ ነበር። ግን ግድቡ ያለው ጉባ ነው፣ የእትዬ ወፍጮ ያለው ከትራንስፎርመሩ 14 ምሰሶ ርቆ ነው። ኃይሉ እስከ ትራንስፎርመሩ በ15 ሺህ ወይም በ33 ሺህ ቮልት ይመጣል። ሰው ጋ የሚደርሰው ግን በመጨረሻዋ ቀጭን ሽቦ ነው። የእትዬ ቮልት የጠፋው እዚያች ሽቦ ላይ መሆኑን በመለኪያ አይቻለሁ።

የሚመለከታቸው ክፍሎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ ብዙ ሞተር ይድናል። ቮልቱን ቀን ሳይሆን ማታ፣ ትራንስፎርመሩ ሥር ሳይሆን መስመሩ ጫፍ ላይ ይለኩ። ቤቶቹን ከተጫነው ፌዝ ወደ ቀለለው ያዛውሩ፣ ይህ ከአንድ መሰላልና ከአንድ ቀን ሥራ ብዙም አይበልጥም። ትራንስፎርመሩ ላይም ቮልቱን በ2.5 በመቶ ደረጃ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መቀየሪያ በአብዛኛው አለ። እሱን ዝም ብሎ ከፍ ማድረግ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ምጣዱ ሁሉ ሲወርድ፣ ቮልቱን ከልክ በላይ ሊያስኬደው ስለሚችል ከሚዛን ማስተካከሉ በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። መስመሩ በጣም የረዘመበት ቦታ ደግሞ አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር ከማስቀመጥ ይልቅ ሁለት ትንንሽ ቢቀራረቡ ይመረጣል።

እናንተን የምጠይቃችሁ ደግሞ አንድ ነገር ነው። ስለ መብራት ስትዘግቡ፣ "መብራት አላችሁ?" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። "ስንት ቮልት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ወፍጮ ቤት ግቡ፣ ውኃ ፓምፕ ያለበት ግቡ፣ ብየዳ ቤት ግቡ። ሞተር ሲቃጠል የሚጎዳው ባለወፍጮው ብቻ አይደለም። የእትዬ ወፍጮ በቆመባቸው ቀናት አህያ ጭነው የመጡ ሴቶች እህላቸውን እንዳለ ይዘው ተመልሰዋል። አንዷ ሕፃን አዝላ ነበር።

ፌዝ ሪሌዩ ከገባ ወዲህ የእትዬ ሞተር አልተቃጠለም። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ።

"ወንድምዓለም፣ ግድግዳው ላይ 343 ይላል። አምስት ሰው ተሰልፏል። ምን ላድርግ?"

"መክፈቻውን ጠበብ ያድርጉት እትዬ። ምን ይላል አሁን?"

ከጀርባቸው የድንጋዩ ድምፅ ይሰማኛል። ዝም አሉ። ከዚያ፣ "341... 339" አሉ።

"ይዝጉት።"

ድምፁ እየቀነሰ ሲቆም በስልክ ሰማሁት። ለተሰለፉት ሰዎች "ነገ ጠዋት በማለዳ ኑ፣ በቅድሚያ የእናንተን ነው የምፈጨው" ሲሉም ሰማሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሞተር ጠምጣሚው፣ ከደብረ ብርሃን